ጦር ካምፕ ውስጥ በቀን የሚሠራ ሰው ቢጎዳ ማን ይከፍለዋል?

ኩዌት ውስጥ ካምፕ ዓሪፍጃን፣ ኳታር ውስጥ አል ዑደይድ፣ ጅቡቲ ውስጥ ካምፕ ሌሞኒየር አለ። ሦስቱም የአሜሪካ ጦር የሚጠቀምባቸው ሰፈሮች ናቸው። ምግቡን የሚያበስለው፣ ልብሱን የሚያጥበው፣ ቆሻሻውን የሚያነሳው፣ ኮንቴይነሩን የሚያራግፈው ግን ባብዛኛው ወታደር አይደለም። ከኔፓል፣ ከህንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከኬንያ ወይም ከኡጋንዳ የሄደ ሰው ነው። ወይም ደግሞ የአገሩ ተወላጅ ነው። ጅቡቲና ገልፍ ውስጥ በቀን ሥራ የሚተዳደር ሐበሻ ስላለ ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከተሽከርካሪ ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር ሊሰማው የሚችለው መልስ ይታወቃል። «አንተ እኮ ቋሚ አይደለህም፤ የቀን ሠራተኛ ነህ። ምንም አይገባህም» ይባላል። ሰውየውም አምኖ ይሄዳል። እኔ ግን ይህ መልስ በብዙ ሁኔታ ስህተት እንደሆነ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም የሠራተኛውን መብት የሚወስነው ባጁ ላይ ወይም ውሉ ላይ የተጻፈው ስም አይደለም። የሚወስነው ምን ዓይነት ሥራ እንደሠራ፣ ለማን እንደሠራ፣ ሥራውም በየትኛው ውል ሥር እንደሆነ ነው። (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመቶች፣ የኢትዮጵያን አዋጅ ከሚመለከተው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጣሪው ማን ነው?

መጀመሪያ መለየት ያለበት ይህ ነው። ካምፕ ውስጥ የሚሠራ ሲቪል ሁሉ አንድ ቀጣሪ የለውም።

አንዳንዱን የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ይቀጥረዋል። የእሱ ጉዳይ የፌደራል መንግሥት ሠራተኞችን በሚመለከት በሌላ የካሳ ሕግ ይታያል። ሌላውን የሚቀጥረው ከጦሩ ጋር የተዋዋለ ዋና ተቋራጭ ነው። ብዙው ግን ከዚህም በታች ነው። ዋናው ተቋራጭ ሥራውን ለንዑስ ተቋራጭ ይሰጣል። ንዑስ ተቋራጩ ደግሞ ሰው አቅራቢ ድርጅት ይፈልጋል። ሰው አቅራቢው ጠዋት በር ላይ ከቆሙት መካከል አሥሩን ጠርቶ በመኪና ያስገባል። ማታ በእጅ ይከፍላል። ከእነዚህ አሥር ሰዎች አንዱ ቢጎዳ ሦስቱም ድርጅቶች «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» የሚሉበት ሰፊ ክፍተት አለ።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት የወጣ ሕግ አለ። ዲፌንስ ቤዝ አክት ይባላል። 1941 ላይ የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ያኔ አሜሪካ ገና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ አልገባችም። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገ ስምምነት ግን በካሪቢያን ደሴቶችና በኒውፋውንድላንድ ሰፈሮች መሥራት ጀምራ ነበር። ግንበኛውና ጉልበት ሠራተኛው ከአሜሪካ ምድር ውጭ ሲጎዳ በየትኛው ሕግ ይካስ የሚለው ጥያቄ አፋጣኝ ሆነ። ስለዚህ የወደብ ሠራተኞችን ለመካስ 1927 ላይ የወጣውን ሕግ ወስደው ውጭ አገር ላሉ ሰፈሮች ዘረጉት። ዛሬም የሚሠራው ይኸው ነው።

ሕጉ ዜግነት አይለይም። አሜሪካዊ፣ ኔፓላዊ፣ ጅቡቲያዊ፣ ኢትዮጵያዊ ሁሉም በሥሩ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ባለ የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ወይም ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገ የሕዝብ ሥራ (የግንባታ ወይም የአገልግሎት) ውል ላይ የተሰማራን ሠራተኛ ይሸፍናል። የንዑስ ተቋራጩ ሠራተኛም ተካቷል። ንዑስ ተቋራጩ ኢንሹራንስ ካልገባ ኃላፊነቱ ወደ ዋናው ተቋራጭ ይወጣል። ኢንሹራንስ ሳይገቡ መሥራት ደግሞ ራሱ በገንዘብና በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ቪዛው የተበላሸ ወይም በደላላ የገባ ሰውም ለዚህ ብቻ ተብሎ ከካሳ አይገለልም።

ነገሩ ለእኛ ታሪካዊ ቅርበትም አለው። አስመራ የነበረው ቃኘው ስቴሽን ከ1943 እስከ 1977 የአሜሪካኖች የመገናኛ ሰፈር ነበር። ወጥ ቤቱንና ጽዳቱን የሚሠራው የአገሬው ሰው ነበር። እዚያ በተቋራጭ ሥር ይሠራ የነበረ ሰው በዚህ ሕግ ሊካስ ይችል ነበር። ይህን የነገረው ሰው ስለመኖሩ ግን እጠራጠራለሁ።

«ጊዜያዊ ነህ» የሚለው መልስ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሕጉ ራሱ የማይሸፍናቸውን ይዘረዝራል። የመርከብ ባሕረኞች አሉ። የእርሻ ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ አሉ። ከእነሱ ጋር «ጊዜያዊ የሆነ፣ እንዲሁም ከቀጣሪው መደበኛ ሥራ ጋር የማይገናኝ» ቅጥር ተጠቅሷል። ቀጣሪዎች የሚመዙት ይቺን ሐረግ ነው። ሲመዟት ግን ግማሿን ብቻ ያነባሉ።

ሁለት ነገሮች አብረው መሟላት አለባቸው። ሥራው ጊዜያዊ መሆን አለበት። ደግሞም ከቀጣሪው መደበኛ ንግድ ውጭ መሆን አለበት። አንዱ ብቻ ከሆነ ሠራተኛው በሕጉ ሥር ነው። የጭነት ድርጅት ለሦስት ቀን ብቻ ሰው ቀጥሮ ኮንቴይነር ቢያስራግፍ ቅጥሩ አጭር ነው። ማራገፍ ግን የድርጅቱ መደበኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ያ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢጎዳ እንኳ ይካሳል። የምግብ አቅራቢው በበዓል ሰሞን የጠራቸው ዕቃ አጣቢዎችም እንደዚሁ ናቸው። በተቃራኒው የዚያው የጭነት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ የግል ሶፋውን ፎቅ ለማውጣት ከመንገድ ሰው ቢጠራ፣ ያ ሰው ከሕጉ ውጭ ሊሆን ይችላል።

የቤት ሠራተኛ መገለሏ ግን ያሳዝናል። ካምፕ አካባቢ በሚኖር መኮንን ቤት ልጅ የምትይዝ እህት በዚህ ሕግ አትካስም። ያለችበት አገር ሕግ ነው የሚመለከታት።

ሌላም ማምለጫ አለ ተብሎ የሚታሰብ ነገር አለ። ሠራተኛው ሲቀጠር «ብጎዳ ካሳ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ይፈርማል። ይህ ፊርማ ዋጋ የለውም። ሕጉ የካሳ መብትን በስምምነት መተው አይቻልም ይላል። በኋላ የሚደረግ ዕርቅም ቢሆን በአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር ኃላፊ ወይም በዳኛ ካልጸደቀ አይጸናም። ስለዚህ ፈርሜያለሁና አበቃልኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ አላበቃም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር ሕጉ ለተወሰነ አገር ወይም ውል እንዳይሠራ መፍቀድ ይችላል። ይህ የሚሆነው የአገሩ ተወላጆችን ወይም የሦስተኛ አገር ዜጎችን በሚመለከት ነው። በምትኩ ግን ሠራተኛው የሚካስበት የአገር ውስጥ ሕግ መኖር አለበት። «ፈቃድ አለን» የሚል ቀጣሪ ሲያጋጥም ታዲያ በየትኛው ሕግ ነው የምትከፍሉኝ ብሎ መጠየቅ ነው።

ስንት ይከፈላል?

ሕክምናው ይከፈላል። ሐኪሙንም መምረጥ የሠራተኛው መብት ነው። ከሥራ ለቀረበት ጊዜ ደግሞ የአማካይ ሳምንታዊ ደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ይሰጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አይታሰቡም። ጉዳቱ ከ14 ቀን በላይ ከሥራ ካስቀረው ግን እነሱም ይታሰቡለታል።

ለአካል ጉዳት የተቆረጠ ሠንጠረዥ አለ። እጅ 244 ሳምንት፣ እግር 288 ሳምንት፣ ዓይን 160 ሳምንት ነው። በምሳሌ እንየው። ሰውየው በሳምንት 120 ዶላር ያገኝ ነበር እንበል። ሁለት ሦስተኛው 80 ዶላር ነው። እጁን ካጣ 80 በ244 ተባዝቶ 19,520 ዶላር ይሆናል። ለአንድ እጅ ትንሽ ነው። የሂሳቡ መነሻ ደመወዝ ስለሆነ፣ በትንሽ ደመወዝ የተቀጠረ ሰው እጁም ይረክሳል። ስለዚህ ትርፍ ሰዓትና አበል በደመወዝ ስሌቱ ውስጥ መግባታቸውን መከታተል ያስፈልጋል። ቀጣሪው መነሻ ደመወዙን ብቻ ይዞ ከቀረበ ሠራተኛው በየሳምንቱ ይጎዳል።

ሠራተኛው ከሞተ ለሚስቱ ወይም ለባሏ የደመወዙ ግማሽ ይከፈላል። ልጅ ካለ ድምሩ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል። ለቀብር እስከ 3,000 ዶላር አለ። አገር ቤት የቀረች ሚስትም በመርህ ደረጃ መብቷ እኩል ነው። ካሳ ጠያቂዋ አዲስ አበባም ትኑር ወልዲያ፣ ሕጉ ይመለከታታል። የጋብቻና የልደት ማስረጃ ግን የግድ ያስፈልጋል። በባህል የተጋባ ሰው ጋብቻውን ሳያስመዘግብ መሄዱ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የሕጉን ትልቅ ነውር መናገር አለብኝ። ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር የውጭ ዜጋ ሲሆን፣ ኢንሹራንሱ በሞት ወይም በዘላቂ ሙሉ ጉዳት ወደፊት የሚከፈለውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለመዝጋት ማመልከት ይችላል። የሚከፍለውም የወደፊቱን ክፍያ የዛሬ ዋጋ ግማሹን ብቻ ነው። አንድ ጥይት አንድ አሜሪካዊና አንድ ኔፓላዊ ቢገድል፣ የኔፓላዊው ሚስት የምታገኘው ግማሽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሕጉ 1941 ላይ ሲጻፍ የነበረው አስተሳሰብ እስካሁን ከነቁስሉ አለ። ሊቀየር ይገባል።

ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢሆንስ?

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሳል። ካምፕ ውስጥ የሚኖር ሰው ከሥራ ወጥቶ የትም አይሄድም። እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል።

ጉዋም ደሴት ላይ የሆነ አንድ ጉዳይ መልሱን ሰጥቷል። አንድ የተቋራጭ ሠራተኛ ከሥራ በኋላ ቀጣሪው ባዘጋጀው የባሕር ዳር መዝናኛ ቦታ ነበር። አጠገቡ ያለው የውኃ መተላለፊያ በጣም አደገኛ ስለሆነ መዋኘት ተከልክሎ ነበር። ማስጠንቀቂያም ተለጥፏል። ሠራተኛው ግን ከማዶ ዓለት ላይ ሁለት ሰዎች የድረሱልን ምልክት ሲያሳዩ አየ። ከሌሎች ጋር ዘሎ ገባ። መሐል ላይ ሰጠመ። እናቱ ካሳ ጠየቀች። ቀጣሪው «ሥራ ላይ አልነበረም፤ የተከለከለም ነገር ነው ያደረገው» አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 1951 ላይ ለእናትየው የተወሰነው ካሳ እንዲጸና ፈረደ። የሥራው ግዴታ ሰውየውን «ልዩ አደጋ ያለበት ቀጠና» ውስጥ ካስቀመጠው፣ ጉዳቱ በሥራ ሰዓት መድረሱ የግድ አይደለም ብሎ።

ከዚያ ወዲህ ይህ መርህ ሠራተኞችን ብዙ ረድቷል። ካምፑ ላይ ሮኬት ወድቆ በተኛበት የቆሰለን ሰው «ሥራ ላይ አልነበርክም» ማለት አይቻልም። የአእምሮ ጉዳትም ተካቷል። ፍንዳታ አይቶ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያጣ፣ ሰው መሐል መቀመጥ ያቃተው ሰው ሐኪም ካረጋገጠለት ሊካስ ይችላል። ወገኖቻችን ይህን ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ይዘው ነው የሚቀሩት። «አላበድኩም» እያሉ። ማበድ አይደለም፤ የሥራ ጉዳት ነው።

ቀኑ እንዳያልፍ

ለቀጣሪው በጽሑፍ የሚሰጠው ማስታወቂያ በ30 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። የካሳ ጥያቄው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ ይገባል። ቀስ ብለው ለሚወጡ የሥራ በሽታዎች ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ጥያቄው የሚቀርብበት ፎርም ኤል ኤስ 203 ይባላል። ጠበቃ ባይኖርም ራስ መሙላት ይቻላል።

ቀጣሪውም ግዴታ አለበት። ጉዳቱን ባወቀ በ10 ቀን ውስጥ ለሚኒስቴሩ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ሪፖርት ካላደረገ የአንድ ዓመቱ ጊዜ በሠራተኛው ላይ መቆጠር አይጀምርም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀጣሪው ደብቆ ዓመት ከጠበቀ በኋላ «ጊዜው አልፏል» ማለት አይችልም። ቢሆንም በዚህ ተማምኖ መዘግየት ጥሩ አይደለም። ምስክር ይበተናል፣ ካምፑም ሊዘጋ ይችላል።

ማስረጃን በተመለከተ ሕጉ ለሠራተኛው ያደላል። ጉዳት መድረሱንና ያንን ሊያመጣ የሚችል የሥራ ሁኔታ መኖሩን ካሳየ፣ ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ነው ተብሎ ይገመታል። ከዚያ ማፍረሻ ማስረጃ የማምጣቱ ሸክም ወደ ቀጣሪው ይዞራል። ለቀን ሠራተኛ ችግር የሚሆነው እዚያ ቦታ መሥራቱን ማሳየቱ ነው። ስሙ በፔይሮል ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ባጁን በስልክ ፎቶ ያንሳ። የጠራውን ሰው መልእክት አያጥፋ። የገባበትን ቀን፣ የሱፐርቫይዘሩን ስምና የድርጅቱን ስም ይጻፍ። ካምፕ ውስጥ ፎቶ ማንሳት በሚከለከልበት ቦታ ግን አያንሳ፤ ከበር ውጭ ያድርገው። አብረውት የሠሩ ሰዎችን ስልክ ይያዝ። የሐኪም ቤት ወረቀት ላይም «በሥራ ላይ የደረሰ» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቅ። ካሳ ጠየቅክ ብሎ ማባረር ደግሞ ክልክል ነው።

ይህ ሕግ የማይነካው

ካሳ ሕጉ የሚያየው ጉዳት፣ በሽታና ሞት ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም ያለ አግባብ መባረር በእሱ አይታይም። የአሜሪካ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግም ውጭ አገር ለሚሠራ ሰው አይደርስም። ለእነዚህ መሄድ የሚያስፈልገው ወደ አገሩ የሠራተኛ ሕግ ነው። ኩዌት 2010 ላይ የወጣ የግል ዘርፍ ሕግ አላት፣ ኳታር ደግሞ የ2004 ሕግ። በሁለቱም ሠራተኛው የሚያቀርበው ክስ ከፍርድ ቤት ክፍያ ነጻ ነው። በሁለቱም ውሉ ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ክስ ይዘጋል።

ከደመወዝም የከፋ ነገር አለ፤ ተታሎ መወሰድ። 2004 ላይ 12 ኔፓላውያን የሆነባቸውን እዚህ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቤተሰቦቻቸው ተበድረው ለደላላ ከፍለው ነው የላኳቸው። ብዙዎቹ ዮርዳኖስ ውስጥ ሆቴል ይሠራሉ ተብለው ነበር። አማን ሲደርሱ ፓስፖርታቸው ተወሰደ። ከዚያ ኢራቅ ወዳለው አል አሳድ ሰፈር በመኪና ተላኩ። መንገድ ላይ ታጣቂዎች ያዟቸው። በነሐሴ መጨረሻ ተገደሉ። የካሳ ሕጉ ሠርቶላቸዋል፤ 2008 ላይ ለቤተሰቦቻቸው ካሳ እንዲከፈል ተወስኗል። ተቋራጮቹን በሰው ንግድ የከሰሱበት ጉዳይ ግን ወደ ዘጠኝ ዓመት ተጓቶ 2017 ላይ ያለ ፍሬ ተዘጋ። አንዱ ዋና ምክንያት ከአሜሪካ ውጭ የተፈጸመ የሰው ንግድ አሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲታይ የሚፈቅደው ድንጋጌ የወጣው 2008 መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። ወደ ኋላ ሄዶ 2004ን አይዝም ተባለ።

ለእነሱ ዘገየ። አሁን ላለ ሰው ግን አለ። አጥፊው አሜሪካዊ ከሆነ ወይም አሜሪካ ውስጥ ከተገኘ፣ ተታሎ ወይም ተገዶ የሠራ ሰው ለመክሰስ አሥር ዓመት ጊዜ አለው። 2006 ላይ ኢራቅ የነበሩት የአሜሪካ ጦር አዛዥ ጄኔራል ኬሲ ተቋራጮች የያዙትን ፓስፖርት እንዲመልሱ አዘዙ። 2012 ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ በሰጡት ትእዛዝ ደግሞ ተቋራጮች ከሠራተኛ የቅጥር ክፍያ እንዳይቀበሉ፣ ፓስፖርት እንዳይዙ፣ ስለ ሥራው እንዳያታልሉ የሚከለክለው ደንብ ጠበቀ። ክልከላው ለንዑስ ተቋራጭና ለደላላም ይወርዳል። ስለዚህ «ካምፕ አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚያፈርሰው ሕግ አንድ ብቻ አይደለም።

በእኛም አገር በኩል የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለ። ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራ ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። የሠራተኛው ድርሻ እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉት ናቸው። ውሉ ሲጣስ ሠራተኛውን የላከው ኤጀንሲ ከቀጣሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል። በደላላ የሄደ ሰው ግን እንዲህ የሚጠየቅለት ኤጀንሲ የለውም። የአሜሪካው ካሳ መብት ግን እንዳለ ነው።

ስለ ጠበቃ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሕግ ጠበቃ ከሠራተኛው ጋር በፐርሰንት ተስማምቶ ገንዘብ መቀበል አይችልም። ክፍያውን ሚኒስቴሩ ወይም ዳኛው ማጽደቅ አለበት። ሳይጸድቅ መቀበል ወንጀል ነው። ቀጣሪው ወይም ኢንሹራንሱ ተከራክሮ ከተረታ አብዛኛውን ጊዜ የጠበቃውን ክፍያ የሚሸፍነው እሱ ነው። «ካሳህን አስወጣልሃለሁ፣ ግማሹን ትሰጠኛለህ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ሲመጣ መልሱ አይሆንም ነው። ፎርሙን ራሱ ሞልቶ ለአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር የሠራተኞች ካሳ ቢሮ መላክ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያም የለውም።